ተሰምቷል፤ አልተያዘም

ወይዘሮ ኤልዳና ለልጇ ስትደውል የሚመልስላት አንድ ጨዋ ድምፅ ነበር። የወንድ ይሁን የሴት አይለይም፤ ቸኩሎም ተቆጥቶም አያውቅም። «ተሰምቷል፤ አልተያዘም» ይላል። ከዚያ መስመሩ ይዘጋል።

ጠዋት ትደውላለች። «ትርንጎዬ፣ ዛሬ ጉሙ ወፍራም ነው። መኪናው ራሱን ይነዳል ብለሽ እንዳትተኚ፤ ገደሉን አንቺ እዪለት።» ተሰምቷል፤ አልተያዘም። ረፋድ ላይ ትደውላለች። «እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አየር ይበቃችኋል? ሰው ሲበዛ አየር ያልቃል እኮ።» ተሰምቷል፤ አልተያዘም። ምሳው ዓሣ እንደሆነ ከሰማች ስለ አጥንቱ ትደውላለች፤ ዓሣ ካልሆነም ምን እንደሆነ ለማጣራት ትደውላለች። ከመተኛቷ በፊት ድምፁን «በል ደህና እደር» ትለዋለች። መልሱ ያው ነው።

አሰላ ውስጥ ይህን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። ከከተማው እስከ በቆጂ፣ ከገብሱ ማሳ ስር፣ ቀለበቱ የሚሉት ክብ ዋሻ ተቆፍሮ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንደ ክረምት ዝናብ የተለመደ ሆኗል። ቀለበቱ ውስጥ ተመራማሪዎች የአተምን ቅንጣት ከቅንጣት ያጋጫሉ። ግጭቱ ለቁጥር ያታክታል፤ ሁሉንም እንያዝ ቢሉ የዓለም ማስቀመጫ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ በሩ ላይ ዘበኛ አቆሙ። ዘበኛው እያንዳንዱን ግጭት በቅጽበት ያየዋል፤ የተለመደ ከሆነ ይጥለዋል፣ እንግዳ ከሆነ ይይዘዋል። የተጣለው አይመለስም።

በቅንጣት ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ከሠራተኞቹ አንዱ ስብሰባ ላይ ሞከረው። ከቁርስ እስከ ምሳ የፈጀው ስብሰባ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ወጣ፤ እሱም «ይሄ ወንበር ተሰብሯል» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። የቀለበቱ ሠራተኞች ከጆሯቸው ጀርባ ምስር የምታክል ዘበኛ አስገቡ። ባንኮቹ ተከተሉ፣ ትምህርት ቤቶቹም ተከተሉ። የሰርግ ንግግር አጠረ። ዕድሩ ጥሩምባ ማስነፋቱን ትቶ መርዶውን በዘበኛ በኩል ይልካል፤ ለማን ማሳለፍ እንዳለበት ዘበኛው ራሱ ያውቃል። የለቅሶ ድንኳኖች ትንንሽ ሆነዋል። ሰዎች እንቅልፋቸው እንደተሻሻለ ይናገራሉ።

ትርንጎ የምትሠራው ሳጉሬ ባለው የቀለበቱ ጣቢያ ነው። ዘበኛውን ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚጥል የምታስተምረው እሷ ናት። በእሷ ዕድሜ ያሉት ልጆች ሁሉ ትርንጎ፣ አስካለ፣ ዘርትሁን ይባላሉ፤ ኤልዳና፣ ሶልያናና ሜላት የአሮጊት ስም ከሆኑ ቆይተዋል።

እሁድ እሁድ ትርንጎ እናቷን ልታይ ትመጣለች። ነሐሴ ውስጥ በአንዱ እሁድ ምሳ ቀርቦ ኤልዳና ስለ ጎረቤቱ ግንብ ታወራለች። ግንቡ ወደ እሷ ያዘመመ ይመስላታል። ትርንጎ በየመሀሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ኤልዳና አንድ ነገር ጠረጠረች። እርግጥ የማትጠረጥረው ነገር የለም፤ ይሄኛው ግን አዲስ ነበር።

«ግንቡ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያገኘው የኔን አልጋ ነው» አለች።

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች።

«ከወደቀብኝ ያው መሞቴ ነው።»

«እም» አለች ትርንጎ ድንቹን እየቆረሰች።

«ቀብሬ ላይ ጨፍሪ።»

ትርንጎ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ኤልዳና እጇን ዘርግታ የልጇን ሳህን አነሳችው። ትርንጎ ያኔ ቀና አለች። «ምነው እማ? አልጨረስኩም እኮ።»

«እዚህም ይሠራል?»

«ምኑ?»

«ዘበኛሽ! ፊት ለፊትሽ ቁጭ ብዬ!»

ትርንጎ አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠች። «እማዬ፣ እሱ ስልክና ጠረጴዛ አይለይም። ድምፅ ድምፅ ነው።»

«የምትነቀንቂውስ?»

«እሱ ልማድ ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል።»

«ቀብሬ ላይ ጨፍሪ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ብለሽ ይሆናል። ባለፈው ፋሲካም ብለሽኛል፤ ስለዚህ እንግዳ ነገር አይደለም።»

ኤልዳና ሳህኑን መለሰችላት። የተራበ ልጅ ፊት ሳህን ይዞ መቆጣት አይሆንላትም፤ ጨጓራ ያመጣል። «የተጣለው ወሬዬ ታዲያ የት ነው የሚሄደው?»

«የትም።»

«የሆነ ቦታማ ይኖራል። ቆሻሻም እንኳ ቦታ አለው።»

«የለም እማ። እንዳልተባለ ነው።»

ትርንጎ ያን ቀን የመጣችው የባሰ ነገር ይዛ ነበር። ሹካዋን አስቀመጠች። «ጳጉሜ ሲገባ ቀለበቱ ቆሞ ይጸዳል፤ ዘበኛውም ይታደሳል። አንዳንድ መስመር አለ፤ ምንም ነገር ሳይኖር ዝም ብሎ ይጮኻል። ጫጫታ መስመር እንለዋለን። ዓመቱን ሙሉ አንድም የተያዘ ጥሪ ከሌለው በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ይሸፈናል።»

«ይሸፈናል ማለት?»

«ዘበኛውም አይሰማውም። ስልኩ አይነሳም።» ትርንጎ ድንቹን እያየች ተናገረች። «ዘንድሮ ከሚሸፈኑት ውስጥ ያንቺ መስመር አለበት።»

«አንቺ ነሽ ያስገባሽኝ?»

«ደንቡ ነው። ደንቡን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ አንቺን ግን እኔ አላስገባሁሽም።»

«ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«ለእሳት አደጋ ትደውያለሽ።»

«ሌባ ቢገባስ?»

«ለፖሊስ።»

«ብሞትስ?»

«ያኔማ አንቺ አትደውዪም እማ፤ ዕድሩ ነው የሚደውለው።»

ትርንጎ መልሷ ለራሷም ደስ አላላትም። የእናቷን እጅ ያዘች። «አንድ የተያዘ ጥሪ ይበቃል። አንድ ብቻ። ለእናቴ ብዬ ዘበኛውን ላላላው አልችልም፤ ሁሉም ሠራተኛ እናት አለው።»

እርግጥ ዕጣ የሚባል ነገር ነበር። ዘበኛው እንዳያንቀላፋ ለመፈተሽ ከተራዎቹ ጥሪዎች አንዳንዱ ሳይመረመር ያልፋል። የኤልዳና ዕጣ ሰኔ ላይ ወጥቶላት ነበር፤ ግን ያን ሰዓት የምታወራው ስለ እርጥብ ካልሲ ነበር። ዕጣ ደግሞ እንደ ተያዘ አይቆጠርም።

ያን ሌሊት ኤልዳና የሸፈኑት መስመር ምን እንደሚመስል ስታስብ አደረች። ደውላ፣ ጨዋው ድምፅ እንኳ ሳይመልስላት ሲቀር። ለካ እሱንም ለምዳው ኖሯል።

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ጋሽ ኪሩቤል የሚባሉ ሰው አሉ። ቀለበቱ ውስጥ ገመድ ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ትልቅ ጃንጥላ ስር ቁጭ ብለው ዘበኛ ማለፊያ ያስተምራሉ። ደንበኞቻቸው እናቶች፣ ከፍቅረኛቸው የተኳረፉ ወጣቶችና አንድ ስብከታቸው የማይያዝላቸው ቄስ ናቸው። ትምህርታቸውን የሚሰጡት በምሳ ነው፤ ኤልዳና በሳህን የተሸፈነ ፓስታ ይዛላቸው ሄደች። መንገድ ላይ እየቆመች ያልቀዘቀዘ መሆኑን በጣቷ ስትነካ፣ ስትደርስ ቀዝቅዞ ነበር።

«ይስሙኝ እትዬ ኤልዳና» አሉ ጋሽ ኪሩቤል ፓስታውን እየጠቀለሉ። «ዘበኛ ማለት የድግስ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። በየቀኑ የሚያየውን ፊት አይቶ አያየውም። አንበሳ እየጎተቱ ቢመጡ ግን ይነቃል።»

«አንበሳ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«በአፍ ነዋ!»

ኤልዳና ስልኳን አወጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ትርንጎዬ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጅብ ወልዷል።»

ጸጥታ ሆነ። ከወትሮው ረዘመ። ጋሽ ኪሩቤል ሹካቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ያ ጨዋ ድምፅ መጣ። ተሰምቷል፤ አልተያዘም።

«አንደኛውን ደጃፍ አለፈ!» አሉ ጋሽ ኪሩቤል ጭናቸውን መትተው። «አንደኛው ቃሉን ብቻ ነው የሚሰማው፤ የጣለዎት ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ልብ ነው የሚያዳምጠው። ልብዎ ምን እያለ ነበር?»

«ጅቡ ቢነክሰኝስ እያለ ነበር።»

«የቱ ጅብ?»

«አንዴ ከተናገርኩት በኋላ አሰብኩት።»

ጋሽ ኪሩቤል አኝከው ዋጡ። «ችግሩ ገባኝ። ልብዎ ለጅብም ለካልሲም እኩል ነው የሚመታው። ዘበኛው በምን ይለይ?»

በማግሥቱ ደስታ እንሞክር አሉ። ደስ ብሎት የሚደውል ሰው እየጠፋ ስለሆነ ዘበኛው ይወደዋል። ኤልዳና ፈገግ ብላ ደወለች፤ ፈገግታ በድምፅ ይታወቃል ብለዋታል። «ትርንጎዬ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ! የዕድሩ ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ!» ጋሽ ኪሩቤል አውራ ጣታቸውን አነሱላት። «ብቻ ያ የቀድሞው ሰብሳቢ ሳይከፋው አይቀርም። የከፋው ሰው ደግሞ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፤ በሩ ላይ ሌላ መቀርቀሪያ ማስገባት ሳይኖርብኝ—»

ተሰምቷል፤ አልተያዘም።

«ምን ነካዎት?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «ደርሰው ነበር እኮ!»

«ሰውየውን አያውቁትም» አለች ኤልዳና።

«እርስዎስ ያውቁታል? ሰብሳቢነቱ ራሱ ውሸት አይደለም እንዴ?»

በሦስተኛው ቀን ዝም ብለው ይደውሉ ተባለች። ምንም ሳትናገር፣ ዘበኛው ግራ እንዲገባው። ደወለች። አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ድምፁ ከወትሮውም ፈጥኖ መጣ።

ጋሽ ኪሩቤል ጃንጥላቸውን ወደ እሷ አዘነበሉላት፤ ዝናብ ጀምሮ ነበር። «ትንፋሽዎንም ያውቀዋል» አሉ፣ ሰው ለትልቅ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። «በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ዘበኛው እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«ልጄ ናት የሠራችው» አለች ኤልዳና። ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ኩራት ሆነ።

ጳጉሜ ገባች። ቀለበቱ ቆመ፤ ከማሳው ስር ይሰማ የነበረው ስስ ጉርምርምታ ጠፋ። ከተማው ሁሉ ጸጥታውን ሲወድ ኤልዳና ብቻዋን የጸጥታው ምክንያት ሌላ ቢሆንስ ብላ ሰጋች። ቀኖቹ እንደ ወትሮው ጥቂት ናቸው፤ ስትደውል ስትደውል አለቁ። በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት አልደወለችም። ምን እንደምትል አጥታ አይደለም። ካሉት ነገሮች ሁሉ የትኛውን እንደምታስቀድም ጨነቃት። ግንቡን? መንገዱን? ልጅቷ ከስታለች፤ እሱን? ሳትወስን ውኃ ልትደፋ ወደ ደጅ ወጣች።

ኤልዳና ያልፈራችው ነገር አልነበረም። ጋዙን ፈርታለች፣ መብረቁን ፈርታለች፣ ከማሳው ስር የሚጋጨውን ነገር አንድ ቀን ሰፈሩን ይዞ ይሰምጣል ብላ ፈርታለች። ሰው እንዳያዳልጠው ብላ ራሷ ደጃፍ ላይ ያነጠፈችውን የጎማ ምንጣፍ ግን አንድም ቀን ፈርታው አታውቅም። የያዛት እሱ ነበር። ጠርዙ ጫማዋን ያዘ፣ ባልዲው ከእጇ በረረ፣ እሷም በጎኗ ወደቀች። አንድ ነገር ቀጭ አለ።

በጀርባዋ ተንጋላ የጣሪያውን ጠርዝ እያየች ቆየች። እግሯ ያማል። ሌላው አካሏ ግን በዕድሜዋ ሙሉ የማታውቀው ቀላልነት ተሰማው። ያን ሁሉ ዘመን ሲጠበቅ የኖረው መጥቶ፣ ይኸው እግር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የምትፈራው ነገር ፈለገች፤ አልመጣላትም። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነበር። ጥሪው የሚያልፍ ስላልመሰላት እንዴት እንደምትናገር አላሰበችበትም።

«ትርንጎዬ» አለች። «ወድቄ እግሬ ተሰበረ መሰለኝ። ደህና ነኝ፣ አትቸኩዪ። ምሳሽን በልተሽ፣ ሥራሽን ጨርሰሽ ነዪ። ምንም አይደል።»

ጨዋውን ድምፅ ጠበቀች። ዝም አለ።

«እማ?»

ለአፍታ ማን እንደሆነች አላወቀቻትም።

«እማ! ማነው አጠገብሽ ያለው?»

«ማንም የለም የኔ ልጅ።»

«ማን አስገድዶሽ ነው እንደዚህ የምታወሪው? ሰው ካለ አንዴ አስልሺ!»

የኤልዳና ጀርባ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ነበር። አሳላት።

«ወይኔ!» አለች ትርንጎ።

«ኧረ ብርዱ ነው! ሰው የለም፤ ምንጣፉ ነው። እኔና ምንጣፉ ብቻ ነን። ተረጋጊ።»

«ተረጋጊ አለችኝ!» ትርንጎ ለሆነ ሰው ስትጮህ ተሰማ። «እናቴ ተረጋጊ አለችኝ! ቶለሳ፣ መኪናውን!»

ሲደርሱ አራት ነበሩ፤ ትርንጎ፣ የሥራ ባልደረባዋ ቶለሳ፣ ዱላ የያዙና የራስ ቁር የደፉ ሁለት የጣቢያው ጥበቃዎች። ጥበቃዎቹ አልጋ ስር አዩ፣ ቁም ሣጥን ከፈቱ፣ መታጠቢያ ቤቱን በጥንቃቄ ፈተሹ። ትርንጎ እናቷ አጠገብ ተንበርክካ እግሯን በማገዶ እንጨትና በፎጣ አሰረችላት፤ ተሸክመውም ሶፋው ላይ አስተኟት። አምቡላንሱ ከአዳማ መንገድ እየተመለሰ ነው ተባለ።

ቶለሳ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «እትዬ፣ ምን እንዳደረጉን ቢያውቁ! ዘበኛው ያው አንድ ነው፤ ለቅንጣቱም ለእናቱም። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ መብራቱ ሁሉ በራ። አንደኛው አሳለፈ፣ ሁለተኛው አሳለፈ፣ የመጨረሻው ሳይቀር አሳለፈ። ቀለበቱ ቆሟል፤ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? አዲስ ቅንጣት ነው ብለን አጨበጨብን። አለቃችን አለቀሱ።»

«ኧረ ውርደት» አለች ኤልዳና። «ሲያውቁስ ምን አሉ?»

«ሲያውቁማ ይበልጥ አለቀሱ።» ቶለሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መስመርዎ ተርፏል። ተይዟል፤ አይሸፈንም። ከእንግዲህ እንደዛሬው ሲናገሩ ሁልጊዜ ያልፋል።»

«እንዴት ስናገር?»

«ተረጋግተው።»

ኤልዳና በጥሞና አሰበችበት። «እንግዲያው ተሸፍኗል በለኛ አንተ» አለችው።

ቶለሳ ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም፤ የእናቷን ፎጣ እያጠበቀች ነበር። ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። ኤልዳና ጫማውን ስታየው ያ ቀላልነት ከውስጧ ወጥቶ ሲሄድ ታወቃት።

«በዚህ ዝናብ ምን ያህል ብትፈጥኑ ነው አሁን የደረሳችሁት?» አለች። «ያ ቁልቁለት ሲረጥብ ሳሙና ነው። ማነው ደግሞ የነዳው? መኪናው ራሱ ነው? መኪና ሰው ሲደነግጥ አብሮ ይደነግጣል እኮ፤ ባለፈው አንዱ—»

«እም» አለች ትርንጎ፣ ራሷንም ነቀነቀች።

ኤልዳና መነቅነቋን አየችው። ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ተወችው። ፊቷን ወደ ሶፋው ጀርባ አዞረች። አልተቆጣችም። ልጅ መጥታለች፣ እግር ታስሯል፣ አምቡላንስ ተጠርቷል። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሰው ነገር ያበዛል።

ትርንጎ ፎጣውን አስራ ስትጨርስ ቀና አለች። ቶለሳ ወለሉን እያየ ነበር። ሁለቱ ጥበቃዎችም ግድግዳ ያያሉ። አንድ ነገር ተብሎ እንዳመለጣት ከፊታቸው ገባት።

«እማ፣ ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ቶለሳ፣ ምን አለች?»

«እኔም አልሰማሁም» አለ ቶለሳ ቀስ ብሎ። «አፋቸው ሲንቀሳቀስ ነው ያየሁት።»

ትርንጎ እጇን ወደ ጆሮዋ ጀርባ ላከች።

«ኧረ ትርንጎ!» ቶለሳ ከወንበሩ ተነሳ። «ካወጣሽው እኮ ሳጉሬ በር ላይ አያስገቡሽም። አዲስ እስኪፈቅዱልሽ መስቀል ያልፋል፤ እድሳቱን ማን ይጨርሰዋል?»

«አንተ።»

በጥፍሯ ያዘችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳበችው። ምስሯ መዳፏ ላይ ወጣች። የመጀመሪያው ነገር ዝናቡ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ እንዲህ እንደሚጮህ ረስታው ነበርና ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ የጥበቃዎቹ ጫማ ሲጮህ ሰማች፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሰማች፣ የእናቷን ትንፋሽ ሰማች፤ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ ምንም ሳይኖር የሚሮጥ ትንፋሽ።

«እማዬ» አለች። የራሷ ድምፅ ጮኾባት ዝቅ አደረገችው። «ወጥቷል። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ኤልዳና ፊቷን ቀስ ብላ መለሰች። ዓመቱን ሙሉ የተጣለው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተጋፍቶ ቆመ፤ ግንቡ፣ አየሩ፣ የዓሣው አጥንት፣ ገደሉ። ዓይኗ ግን የልጇ ጆሮ ጀርባ ላይ ዐረፈ። ምስሯ የወጣችበት ቦታ ቀልቶ ትንሽ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል።

«ውይ፣ ይሄን ቀዳዳ እዪ!» አለች። «በዚህ ብርድ ክፍቱን ትተሽው ንፋስ ቢገባበትስ?»

ትርንጎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ሶፋው ጠርዝ ላይ አስደገፈች።

«ቢገባበት ምን ይሆናል?» አለች።

እስከ ዛሬ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ኤልዳና ትራሷን አመቻችታ፣ ትንፋሽ ስባ መናገር ጀመረች።